መሃሉ ላይ የነበረው ነጥብ

አባዬ፣

አንተ ከሄድክ ሦስተኛው ረመዳን ገባ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ ነው፤ ላንተ ግን ጥያቄው ስላለፈበት በቀጥታ ወደ እኛ እሻገራለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን አያማትም። ወንድሜ ከድር ደህና ነው፤ ወፍሯል፣ ግን አያምንም። ከሚሴ እንደተውካት ትሞቃለች። እኔም ደህና ነኝ፤ አሁንም አቀዘቅዛለሁ።

ፎቶ ቤትህ አለ ማለት ይቻላል። "ፎቶ ጨፋ" ብለህ በእጅህ የጻፍከውን ሰሌዳ ከድር አላነሳውም። ከሥሩ ግን ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ቻርጀር፣ የሞባይል ካርድ እያለ ጨምሮበት የእሱ ፊደል ካንተ ፊደል በልጧል። ለጉርድ ፎቶ ካልሆነ ሰው ወደ ፎቶ ቤት መምጣት ትቷል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ያነሳል፤ ባጃጁ መናኸሪያ ሳይደርስ ፎቶው ጅዳ ደርሷል። ፏፏቴና አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃህ፣ ያ ፏፏቴው ከአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ የሚወርድ የሚመስለው፣ አሁን የጓሮ በር ላይ ተሰቅሏል። ዶሮዎች በፏፏቴው ሥር ይገባሉ ይወጣሉ። እውነቱን ለመናገር ካንተ ደንበኞች ይልቅ ዘና ብለው ነው የሚታዩት።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው ወር ከድር ስለጠራኝ ነው። ጨለማ ክፍልህን፣ ያን ፊልም የምታጥብበትን ቁምሳጥን የሚያህል ክፍል፣ ግድግዳውን አፍርሶ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሊያቆምበት ነው። "የሚጣለውን ከማይጣለው እኔ አልለይም። ሳይንቲስቷ አንቺ ነሽ፤ ነይና ጣይ" አለኝ። መጣሁ። በሕይወት ሳለህ ልጠይቅህ ያልቻልኩት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ መልሱን እዚያ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ጥያቄው ይህ ነው፤ አይተኸው ነበር ወይስ አላየኸውም?

ነገሩን አንተ ታውቀዋለህ። ደብዳቤው ሌላም ሰው እጅ ሊገባ ስለሚችል ግን ከሥሩ ልጀምር። ብትሰለች ማቋረጥ አትችልም፤ ከዚህ ዓለም መሄድህ ከሰጠኝ ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው።

አንተ የከተማውን ፊት የምታጸዳ ሰው ነበርክ። ፎቶ ማንሳቱን ማንም ያነሳል ትል ነበር፤ ሥራው ሪታቹ ነው። ፊልሙን ከሥሩ ብርሃን ባለው ዘቅዛቃ መስታወት ላይ አስቀምጠህ፣ እንደ መርፌ በቀረጽከው እርሳስ ጠባሳውን፣ ቡግሩን፣ የአቧራውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ትሞላለህ። ያን ዘመን በፎቶ ብቻ የሚያጠና ሰው ቢመጣ፣ ከሚሴ ውስጥ ቡግር የሚባል ነገር ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይጽፋል። የፈንጣጣ ጠባሳ የነበረባቸው ሽማግሌዎች ያንተን ፎቶ ይዘው ሲወጡ እንደ ሙሽራ እያፈሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትከው፤ ያውም በታወቀ ስሕተት። ያ የጨፋ ሮቢቱ ገበሬ በገበያ ቀን የሚስቱን ፎቶ ይዞ በሩን ሞላው። "ይማም፣ ኒቲን ኮ ኤሳ ጅርቲ? ሚስቴ የት አለች?" አለህ። አንተ ፎቶውን ብታሳየው፣ "ይቺማ የማን እንደሆነች አላውቅም። የኔዋ እዚህ ጉንጯ ላይ ነጥብ አላት። ምን አይቼ ያገባኋት ይመስልሃል?" አለ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተ ግን አልሳቅክም። ቀለምህን አውጥተህ ነጥቡን መለስክለት። ገበሬው ወደ ብርሃን ይዞት ወጥቶ ብዙ ካየው በኋላ፣ "አሁን ገና ቤቴ ገባሁ" ብሎህ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ አይወጣም ነበር፤ "የሚጠፋ አለ? የማይጠፋስ?"

እኔን ግን አልጠየቅከኝም። ልጅህ ነኛ፤ ልጅ ደንበኛ አይደለም።

እኔ ከከሚሴ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጀርመን አገር ሄጄ ቅዝቃዜ ላይ መቀመጤን ስትሰማ መጀመሪያ ያልከው ትዝ ይለኛል። ስልኩ ይቆራረጥ ነበር።

"ምንድን ነው የምታቀዘቅዢው?"

"አቶም።"

"ሥጋ አይደለም?"

"አይደለም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ምኑ እንዳይበላሽ ነው?"

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ይህ ነው፤ አንድ ለስላሳ ብረት ይሞቅና ከእንፋሎቱ ጥቂት አቶሞች አየር በሌለበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ከስድስት አቅጣጫ ሌዘር ይበራባቸዋል። ብርሃን ያሞቃል ብለን ነው ያደግነው፤ በልኩ ሲያዝ ግን የሚሮጠውን አቶም ከፊት እየገፋ ያስቆመዋል። ከዚያ በማግኔት ተይዘው መሃል ላይ ይንሳፈፋሉ። ይህም አይበቃም። የሚቀጥለውን ለማስረዳት እኔ ብዙ ቃል ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ የደረስኩት ሽምግልና ላይ ነው። ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ ከሁሉ የጋለው ተነስቶ እንዲወጣ በር ይከፈትለታል። እሱ ሲወጣ የቀሩት ትንሽ ይበርዳሉ። ቀጥሎ ከቀሩት መሃል የጋለው ይወጣል። እንዲህ እያለ በመጨረሻ የሚቀሩት ጥቂቶች፣ በከዋክብት መሃል ካለው ባዶ ይልቅ የቀዘቀዙ ናቸው። ያኔ እያንዳንዱ የራሱ መሆኑን ትቶ ሁሉም እንደ አንድ ይሆናሉ።

ይህን ነግሬህ ሳበቃ፣ "የወጡትስ የት ይደርሳሉ?" አልከኝ። ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ አልኩህ። "ምስኪኖች" አልክ። በእኛ ሙያ ስለነሱ ያዘነ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ዓይንህን ደሴ ያየህ ሐኪም ወሬውን የነገረን በዚሁ ሰሞን ነበር። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ትንሽ እናቆየዋለን አለ። ብርሃኑ ከዳር ጀምሮ ይጨልማል፤ መሃሉ መጨረሻ ይቀራል። ዓለምን በቧንቧ እንደማየት ነው ያልከው አንተ ነህ። በሚቀጥለው ዓርብ ስደውል፣ ስለ ዓይንህ ምንም ሳትናገር፣ "ያ የምታቀዘቅዢው ነገር ፎቶ የለውም?" አልከኝ። ሲሳካ ይኖረዋል አልኩ። "እንግዲያው ዓይኔ ሳይጠልቅ አሳዪኝ። ፎቶ ማየት አውቃለሁ፤ ሌላ የምታወሪውን ሁሉ አላህ ያውቀዋል።"

እሺ አልኩህ። በእኛ ላብራቶሪ እሺ የሚባል ነገር የለም፤ ሲሳካ ይሳካል ነው የሚባለው። እኔ ግን እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች እኩል ሄዱ። ያንተ ዓይን በአንድ በኩል፣ የኔ አቶም በሌላ በኩል። ያንተው ፈጠን ይል ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ወደ መስታወቱ ሣጥን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስንፈልግ ከረምን፤ ቀዳዳው በዓይን አይታይም፣ መኖሩ የሚታወቀው ሥራ ባለመሥራታችን ነው። ሌላ ጊዜ ሌዘሩ ሞተ። ሌላ ጊዜ ሁሉም በሥርዓቱ ሠርቶ ምንም አልሆነም፤ ይህ ከሁሉ ይከፋል። የላብራቶሪው አለቃ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ምክንያቱን ብንጠይቀው ትከሻውን ከፍ አድርጎ መልሶ ያወርደዋል። ትልቅ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

አንተም ሁልጊዜ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ስልኩን እንዳነሳህ ሰላምታ ሳይቀድም፣ "ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀዘቀዘ?"

"አልቀዘቀዘም።"

"ኢንሻአላህ ይቀዘቅዛል።"

ጉዳዩን ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት ሳይቀር፣ ማድረስህን የሰማሁት ከእማዬ ነው። ሼህ እንድሪስ፣ ያ የሰፈራችን ሼህ፣ እጁን ዘርግቶ "የይማም ልጅ የያዘችውን ነገር አላህ ያቀዝቅዝላት" ሲል፣ ቤት የሞላው ሰው ሁሉ "አሚን" አለ። አንዱ ነጋዴ ወደ እማዬ ጠጋ ብሎ፣ "ትኩሳቱ ከያዛት ቆየ እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። እሷም ለማስረዳት ከመድከም "ቆየ፣ አሁን ይሻላታል" አለችው። በዚህ ምክንያት ባዝራ የሚያህል ሙክት ልኮልን ነበር፤ አልመለስንም።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ቀዘቀዘ። ወሬ የሚወጣው ነገር አልነበረም። የምናየውም አቶሞቹን ሳይሆን ጥላቸውን ነው፤ ብርሃን እናበራባቸዋለን፣ ካሜራው ላይ ግራጫ መደብ መሃል ጥቁር ነጥብ ይወድቃል። ነጥቡ ሁለት ክፍል ሲኖረው፣ መሃሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ሳሳ ያለ ጭጋግ ሲከበው፣ ነገሩ ሆኗል ማለት ነው። ያ ጠዋት ሆነ። አለቃው ትከሻውን ከፍ አድርጎ አላወረደውም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ያ ፎቶ እንደተነሳ የተነሳው ነገር የለም። የምናይበት ብርሃን ራሱ ያሞቀውና ይበትነዋል። እኛ ዘንድ ማየትና ማጥፋት አንድ ሥራ ነው። ሌላ ለማየት ከባዶ መጀመር ነው።

ፎቶውን አሳትሜ ወደ ኮምቦልቻ በሚመለስ ሰው እጅ ላክሁልህ። በወሩ ደወልክ፤ አንተ ስትደውል ያ የመጀመሪያው ነበር።

"ደረሰኝ። ማሻአላህ። ትልቅ አድርጌ የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ሰቅዬዋለሁ።"

"ታየህ፣ አባዬ?"

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ትንሽ አጽድቼልሻለሁ።"

ፍሬሙን የወለወልከው መስሎኝ አመሰገንኩህ።

ለዒድ ስመጣ ከሚኒባስ እንደወረድኩ መጀመሪያ ያየሁት ሼህ እንድሪስን ነው። ሼሁ ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ስለማይወድ ፎቶ ቤትህ ሲደርስ መንገድ ተሻግሮ፣ ፊቱን ወደ ወፍጮ ቤቱ አዙሮ የሚያልፍ ሰው እንደነበር ታውቃለህ። ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለሐጁ ፓስፖርት የገባባትን አንዷን ቀን አንቆጥርበትም። ያን ቀን ግን እጁን ወደኋላ አጣምሮ መስታወቱ ፊት ቆሟል። በአንድ ሙሽራና በተመራቂ ተማሪዎች መሃል፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ የሆነ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ በእጅህ "የልጄ የዘይነብ ሥራ" ይላል። ምንም የለበትም። ነጥብ የለበትም።

ሼህ እንድሪስ ወደ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ይማም! ሠላሳ ምናምን ዓመት ለፍተህ ዛሬ ገና ሐላል ፎቶ አነሳህ!" አለህ።

አንተም አንገትህን እንደ ወፍ ዘንበል አድርገህ፣ በዚያ በቀረህ ቧንቧ እኔን እየፈለግክ ወጣህ። ድምፄን ስትሰማ አገኘኸኝ። አቅፈኸኝ ስታበቃ ቀስ ብለህ፣ ሼሁ እንዳይሰማ፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ፣ "ካሜራችሁን አጽዱት በያቸው። መሃሉ ላይ አቧራ ነበረ። አነሳሁልሽ" አልከኝ።

የዓመታት ሥራዬ ነበር። "አላህ ይስጥልኝ፣ አባዬ" አልኩህ። ሌላ ምን ይባላል? ስመለስ ለአለቃዬ ነገርኩት። እሱ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ወንበር ያዘ። ጽሑፋችንን ከገመገሙት ሁሉ ውጤቱን በሙሉ፣ ያለ ማብራሪያ፣ በአንድ እርሳስ የሰረዘው ያንቺ አባት ብቻ ነው አለኝ። በላብራቶሪው ስምህ በክብር ነው የሚነሳው።

እኔ ግን የያዘኝ ሌላ ነበር። እማዬ እንደነገረችኝ፣ ፎቶው በደረሰበት ሰሞን ከድር በር ላይ ቆሞ ሰላም ካላለህ ከድር መሆኑን አታውቅም ነበር። ከድር ደግሞ፣ "እጁ ነው የሠራው እንጂ ዓይኑ አይደለም። እጁ እርሳስ ከያዘ ይጠርጋል፤ ባዶ ወረቀትም ቢሰጡት ይጠርጋል" አለኝ። ሊሆን ይችላል። እንግዲያው የላክሁልህ ፎቶ የደረሰው ዓይንህ ከጠለቀ በኋላ ነው፣ እሺ ያልኩትም አልተፈጸመም ማለት ነው። አንተን እንዳልጠይቅ፣ ለመጠየቅ ያጠፋኸው ምን እንደነበረ መንገር ግድ ነው። ይህን ላንተ መንገር አልቻልኩም። በየዒዱ መጣሁ፣ በየዒዱ ግራጫውን አብረን አየን። ቀጥሎ አንተ ማየቱን አቆምክ፤ እኔ ብቻዬን አየሁት። ቀጥሎ አንተ ሄድክ።

ባለፈው ወር ነው እንግዲህ። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ያ የአሲድ ሽታ አሁንም አለ፤ ከድር ሶስት ጊዜ አጥቦታል። የሙሽሮችን ፊልም በአንድ በኩል፣ የጉርዱን በሌላ በኩል ስለይ፣ የኔን አገኘሁት። ለማሳደግ ፎቶዬን መልሰህ በፊልም አንስተኸው ነበር። ፊልም ላይ ጥቁሩ ይገለበጥና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሆናል፤ ልክ አቧራ ያረፈበት ፊልም እንደሚያሳየው ያለ። ለምን አቧራ እንደመሰለህ ያን ጊዜ ገባኝ። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም እሞላው ነበር።

ዘቅዛቃውን መስታወትህን በር ላይ አውጥቼ፣ በከሚሴ ፀሐይ አየሁት። ከድር ከኋላዬ መዶሻ ይዞ ቆሟል። እርሳሱ አለ። ዝም ብሎ የተጠረገ አይደለም። መሃሉን፣ ድፍኑን ክፍል፣ ጠበቅ አድርገህ ሞልተኸዋል። ዳሩ ላይ ስትደርስ እጅህን አቅልለሃል፤ ጭጋጉን በጭጋግነቱ ልክ፣ ፈዘዝ ባለ እርሳስ፣ ዙሪያውን ተከትለህ ሄደህ ጭጋጉ ባለቀበት አቁመሃል። አንድ ጭረት አላለፈም። ከዚያ ውጭ ያለውን ግራጫ አልነካኸውም። አቧራ ጭጋግ የለውም፣ አባዬ። አንተ ግን የሌለውን እንዳለ አይተህ ሳይሆን፣ ያለውን እንዳለ አይተህ ነው የተከተልከው። ሁለቱን ለይተህ ነው ያጠፋኸው። እኛ ሆኗል ወይስ አልሆነም ብለን የተከራከርነው በዚያው በሁለቱ ልዩነት ነበር።

ለማጥፋት መጀመሪያ ማየት ግድ ነው። ያ ቧንቧ መሃሉን ብቻ አስቀርቶልህ ነበር፤ ነጥቡም መሃል ነበር።

"ይጣል?" አለኝ ከድር።

"እሱ አይጣል።"

"ምን አለበት?"

"አሁን ምንም።"

ሌላው ተለየ፤ ማሽኑ ገብቷል፣ ይጮሃል። እማዬ ድምፁ እንደ ጋሪ ነው ብላ ጥጥ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ የማትፈልገውን ግን ሁሉ ትሰማለች። ግራጫውን ፎቶ ከድር አውርዶ የስልክ ማስታወቂያ ሊሰቅልበት ሲል ሼህ እንድሪስ ከልክሎታል፤ "ባለፍኩ ቁጥር የማየው ሌላ ምን አለኝ?" ብሎ። እዚያው አለ። ፊልሙ ከኔ ጋር መጥቶ ላብራቶሪያችን ውስጥ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳ ላይ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይጠይቀኛል፤ አባቴ የሠራው ነው እላለሁ፣ አቶሞቹ ከእርሳሱ ሥር ናቸው እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ጠጋ ብሎ ያያል። ጠጋ ብሎ የሚያየውን ነው የምቀጥረው።

አላህ ጀነት ያግባህ፣ አባዬ። ስለ አንተ ሰው ሲጠይቀኝ በመጨረሻ ማየት አቁሞ ነበር አልልም፤ የኔን ሥራ ከሁሉ አጥርቶ ያየው እሱ ነው እላለሁ፤ እስካለሁ የምይዘው ይህን ነው። እንዳልከኝም ካሜራውን እያጸዳን ነው። ነጥቡ አሁንም አለ።

ልጅህ ዘይነብ